ጭብጨባው ይቅርና ሜዳ ስጡን

አሊዩ አምባ ያደገ ልጅ የመጀመሪያ መኪናው ቸርኬ ነው፤ በሽቦ እየገፋ ይነዳዋል። ሁለተኛው የኩሽኔታ ጋሪ ነው፤ አንድ ሳንቃ፣ ሁለት አግዳሚ እንጨት፣ ከወፍጮ ቤት የተለመኑ ያረጁ ኩሽኔታዎች። ፍሬኑ የራስህ ተረከዝ ነው። ቁልቁለት አልቸገረንም፤ ከአንኮበር ወደ እኛ የሚወርደውን መንገድ ያየ ይመሰክራል። ግን ኩሽኔታ ጠጠር ላይ አይሄድም። ሲሚንቶ የነበረው የትምህርት ቤቱ በረንዳ ብቻ ስለሆነ እዚያ እንነዳ ነበር፣ ዘበኛው በልምጭ እስኪያባርረን ድረስ። ይቺን በረንዳ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከኩሽኔታ አልፎ ሄደ። ሸዋ ሮቢት አጎታችን ዘንድ ሆኖ ሲማር፣ ከትምህርት መልስ አንድ ጋራዥ እየጠረገ ያመሽ ነበር። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ፍሬኑ ግሎ የሚደርስ ከባድ መኪና አይጠፋም፤ ቁርጥራጭም አይጠፋም። ሲለቅም ሲለቅም ቆይቶ በ17 ዓመቱ ዓለም «ጎ-ካርት» የሚለውን ነገር ጀመረ። ሻሲው የተራረፈ ቱቦላሬ፣ ሞተሩ የተጋጨ ቦክሰር ሞተር ሳይክል፣ ጎማው የሞተ ባጃጅ፣ ወንበሩ የሚኒባስ። የኋላውን ዘንግ ቶርኖ ቤት ለምኖ አስቀረጸው፤ ከሞተሩ ጋር በካቴና አገናኘው።

መጀመሪያ ሲነዳው አልታጠፈም። መሪውን ታዞራለህ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለምን? መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል መዞር የለባቸውም፤ ዲፈረንሻል የሚባለው ዕቃ የተሠራው ለዚህ ነው። ጎ-ካርት ግን ዲፈረንሻል የለውም። ሁለቱም ጎማዎች አንድ ድፍን ብረት ላይ ታስረዋል። እንዲታጠፍ ከተፈለገ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ለአፍታ ከመሬት ቀለል ማለት አለበት። ያንን የሚያደርገው ደግሞ የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩበት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ ራሱን ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው። ወንድሜ ይህን ያወቀው ሦስት ጊዜ ቆርጦ ሦስት ጊዜ በይዶ ነው። በዚያው ዓመት ፊዚክስ ወድቋል።

የነዳበትን እሑድ ጠዋት አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። አስተያየቱ ሁለት ዓይነት ነበር። ግማሹ «የሐበሻ ፌራሪ»፣ «ሬሳ ሳጥን ጎማ አወጣ» እያለ ሳቀ። ግማሹ «ሳይንቲስታችን!»፣ «መንግሥት የት አለ?» እያለ አጨበጨበ። በሳምንቱ ትራፊክ አስቆመው። ታርጋ የለ፣ ሊብሬ የለ፣ ቦሎ የለ። ተወሰደ። ከወራት በኋላ ሻሲው ሲመለስልን ሞተሩ አብሮት አልነበረም። ከሳቁትም ካጨበጨቡትም አንድ ሰው «ምን ላግዝ?» ብሎ አልመጣም።

እኔ የምለው ይኼን ነው፦ ሳቁና ጭብጨባው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ልጁን ከሰው በታች ያደርገዋል፣ ሌላው ከሰው በላይ። ሁለቱም እንደ ሠራተኛ አያዩትም። ሠራተኛ ቢሉት ኖሮ ሠራተኛ የሚጠየቀውን ይጠይቁት ነበር፦ ምን አነሰህ? የት ትሞክረዋለህ? ፍሬኑ ይይዛል?

ይኼ ዛሬ የመጣ አይደለም። አንጥረኛው በሠራው ማረሻ እያረስን እሱን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ለዚሁ ነው። አሁን ስድቡ ልብስ ቀይሯል። «ጠይብ» አንልም፤ «ቴክኒክና ሙያ የወደቀ የሚገባበት ነው» እንላለን። እሺ፣ የወደቀው ስንት ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ወንድሜ ከቀሪው 96.7 በመቶ ውስጥ ነው። ይኼን ሁሉ ወጣት «ወዳቂ» ብሎ የሚተው አገር መኪናውን ማን ይጠግንለታል? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለን አሮጌ መኪና ዕድሜው በእነዚሁ ልጆች እጅ ነው።

አስመላሽ ዘፈሩን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። ዩቲዩብ እያየ፣ ከመርካቶ ዕቃ እየለቀመ፣ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ አውሮፕላን ሠራ። በ2007 ዓ.ም. ሊያበርራት ሞከረ፤ አልተነሣችም። የውጭ ሚዲያ ሳይቀር ዘገበው፣ እኛም አጨበጨብን፣ ሳቅንም፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ አለፍን። በየትኛውም አገር የመጀመሪያ ሙከራ ይከሽፋል። እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው ሙከራ ትርኢት ስለሆነ ሁለተኛውን ሊያይ የሚቀመጥ የለም።

የመጀመሪያውን ጎ-ካርት በ1956 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራው አርት ኢንግልስ ሳይንቲስት አልነበረም። የውድድር መኪና አካል የሚቀጠቅጥ ባለሙያ ነበር። ሞተሩም ከከሰረ የሣር ማጨጃ ንግድ የተረፈ ነው። ያው እንደ ወንድሜ፣ ከትርፍራፊ። እዚያ የነበረው፣ እኛ ዘንድ የሌለው፣ የስታዲየም ባዶ የመኪና ማቆሚያ ነው። እነ ኢንግልስ እዚያ ነዱ፣ ሰበሩ፣ ጠገኑ። በእኛ ቋንቋ፦ ዘበኛ የማያባርርበት በረንዳ።

«ልጅ ቢሞትስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል። ሲኖትራክ በሚያልፍበት አውራ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መነዳት የለበትም፤ ትራፊኩ በማስቆሙ አልፈርድበትም። የወንድሜ ፍሬን አንድ ብቻ ነበር፤ ሞተሩም ከወንበሩ ጀርባ ነፋስ አጥቶ በቆላው ሙቀት ይግል ነበር። ግን ይኼን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ በአንድ ቀን ያስተካክለዋል። መውሰድ ብቻውን ማንንም ከአደጋ አያድንም፤ ልጁ ቀጣዩን ተደብቆ በጨለማ እንዲነዳ ያስተምረዋል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየከተማው አንድ ደልዳላ ሜዳ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዙሪያውን አሮጌ ጎማ የተደረደረበት። ሦስት ሄልሜት። ከቴክኒክና ሙያ አንድ መምህር መጥቶ ፍሬንና ብየዳ ፈትሾ «ይሄ ይነዳ፣ ያ ይመለስ» የሚልበት። በየግቢው ዝናብና ፀሐይ የሚበላቸው፣ ባለቤት የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ለማሠልጠኛ ይሰጡ። ሽልማት አልጠየቅኩም። የቴሌቪዥን ሦስት ደቂቃም አልጠየቅኩም።

አሊዩ አምባ ድሮ ከታጁራ ጨው የጫነ ግመል የሚደርስባት የገበያ ከተማ ነበረች። ዛሬ የይፋት ልጅ በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል፤ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ። ወንድሜም ሄደ። እዚያ የሰው መኪና ያጥባል።

ባለፈው ደውሎ የእናታችንን ጤና ጠየቀና «ጋሼ፣ ሻሲው አለ?» አለኝ። አለ፤ ጓሮ ነው፣ ዶሮ ሰፍሮበታል። «እንዳትሸጠው» አለኝ።

አልሸጠውም። ግን ቢመለስ የት ይነዳዋል?