ሞትን መተንበይ ሕክምና አይደለም

ባለፈው ወር፣ ለአገር ቤት ሆስፒታሎች የሕክምና መሣሪያ የሚያሰባስብ አንድ ቡድን በበይነ መረብ በጠራው ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የዕለቱ አጀንዳ በአደጋ የተጎዳ ሰው የመትረፍ ዕድሉን ከደሙ የሚተነብይ የምርመራ መሣሪያ ገዝቶ መላክ ነው። ገለጻው ያማረ፣ ተናጋሪዎቹም ቅኖች ነበሩ። እኔ ሐኪም ሳልሆን የኢኮኖሚክስ ባለሙያ በመሆኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ «ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ሐኪሙ ቀድሞ ከሚያደርገው የተለየ ምን ያደርጋል?» መልስ አላገኘሁም። ገንዘባችንን ከማዋጣታችን በፊት መልሱን ልናገኝ ይገባል ብዬ ስለማምን ይህን እጽፋለሁ።

በሙያዬ አንድ መረጃ ዋጋ የሚኖረው ውሳኔን ሲለውጥ ነው። ውሳኔን የማይለውጥ መረጃ፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮህ ውሻ ነው።

ሳይንሱን እያቃለልሁ አይደለም። ሰውነት ደም ሲፈስሰውና ኅብረ ሕዋሳቱ ኦክሲጅን ሲያጥራቸው በደም ውስጥ ላክቴት ይከማቻል። ጀርመናዊው ዮሐን ዮሴፍ ሼረር ይህን ንጥረ ነገር በጠና ታመው በሞቱ ሰዎች ደም ውስጥ መኖሩን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። ዛሬ በአውሮፓ የከባድ መድማት የሕክምና መመሪያ ሐኪሞች የሾክን መጠን ለመገመትና ለመከታተል ላክቴትን እንዲለኩ ይመክራል። ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው ግን በአልጋው ዙሪያ ደም፣ ቀዶ ሐኪምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ሲኖሩ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደም ይታዘዛል፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ይዘጋጃል፤ ሕክምናው ሲሠራ ደግሞ ቁጥሩ ይወርዳል። የሚታዘዝ ደም በሌለበት ያው ቁጥር የሞት መርዶ ከመሆን አያልፍም።

አሁን ወደ ተጨባጩ ማስረጃ ልምጣ። ክራሽ-2 የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም በ40 አገሮች በሚገኙ 274 ሆስፒታሎች 20,211 የአደጋ ተጎጂዎችን አካትቶ ነበር። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት የሟቾችን ድርሻ ከ16.0 በመቶ ወደ 14.5 በመቶ ዝቅ አደረገ። ለጥናቱ ተጎጂዎች የተመረጡት በረቀቀ የደም አመልካች አልነበረም፤ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የሐኪሙ ግምት በቂ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የወጣ ትንተና እንዳሳየው ሕክምናው በ15 ደቂቃ በዘገየ ቁጥር የሚያስገኘው ጥቅም በ10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየ ደግሞ ጥቅም የለውም። እንግዲህ ዋናው ተንባይ ጊዜ ነው፤ እርሱን ለመለካት ሰዓት ይበቃል።

የስብሰባው አዘጋጆች ጠንካራ መከራከሪያ እንዳላቸው አልክድም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ለቀላል የጭንቅላት ጉዳት አንድ የደም ምርመራ ፈቅዷል። ምርመራው ሁለት ፕሮቲኖችን ለክቶ ሲቲ ስካን የማያስፈልጋቸውን ሰዎች ይለያል። «ሲቲ ስካን በሌለበት ወረዳ ይህ ቤተሰብን ከረዥምና ከውድ ጉዞ አያድንምን?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሒሳቡን እንሥራ። ምርመራው በሲቲ ስካን የሚታይ ጉዳት ካለባቸው ሰዎች 97 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል፤ ይህ የሚደነቅ ነው። ጉዳት ከሌለባቸው ግን በትክክል «ነጻ ናችሁ» የሚለው ከሦስቱ አንዱን ያህል ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ያለ ጉዳት ወደ ከተማ ይላካሉ። በአሜሪካ ይህ ማለት በአንድ ኮሪደር ወደሚቀጥለው ክፍል መግፋት ነው፤ በእኛ አገር ግን በሬ ሸጦ መሄድ ሊሆን ይችላል። ፈተናው አንድ ቢሆንም ዋጋው አንድ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ሌላ ነው። ትንበያ እጥረት ባለበት ቦታ የማከፋፈያ መሣሪያ ይሆናል። «አይተርፍም» የተባለ ሰው አልጋ፣ ደምና ትኩረት ይነፈገዋል፤ ስለተነፈገም ይሞታል፤ ሞቱም የትንበያው ትክክለኛነት ማስረጃ ሆኖ ይመዘገባል። እኛ ኢኮኖሚስቶች ይህን ራሱን የሚያስፈጽም ትንበያ እንለዋለን። ከዚህ ዓይነት መዝገብ የሚማር ቀመር የሚማረው የጤና ሥርዓታችንን ድኅነት ነው፤ ያንኑ የሥርዓቱን ጉድለት የታካሚው ዕጣ አድርጎ ያቀርብልናል።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለተጎጂ ድንገተኛ ሕክምና የሚሸፈነውን ወጪ በ2,000 ብር ወስኖ ነበር። ብር ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደረከሰ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። በዚህ ጣሪያ ላይ ክርክር የሚያነሣ የዳያስፖራ ስብሰባ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ጣሪያ የሚያነሣ ሕግ ፎቶግራፍ የለውም፤ ስም የተለጠፈበት ማሽን አለው።

ማሽኑ ደግሞ ካርትሪጅ ይበላል። ካርትሪጁ ማቀዝቀዣ፣ የውጭ ምንዛሪና የማይቋረጥ አቅርቦት ይፈልጋል። እኛ የምንለግሰው አንድ ጊዜ ነው፤ ሆስፒታሉ የሚከፍለው በየወሩ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ የልገሳ ጥሪ ሲደርሳችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ውጤቱ የትኛውን ውሳኔ ይለውጣል? ለዚያ ውሳኔ የሚያስፈልገው ደም፣ መድኃኒትና ባለሙያ ዛሬ በቦታው አለ? ከሁለት ዓመት በኋላ ለፍጆታው ማን ይከፍላል? ሦስቱም ከተመለሱ ምርመራው ይገዛ፤ እኔም ከሚያዋጡት አንዷ እሆናለሁ። ካልተመለሱ ገንዘቡ ለደም ባንክ፣ ለአምቡላንስ ነዳጅና ለትራኔክሳሚክ አሲድ ይዋል። በመንገድ ዳር ወድቆ ደሙ የሚፈስስ ሰው የሚጠብቀው ዕጣውን የሚነግረውን ሳይሆን ደሙን የሚያቆምለትን ነው።