መሄጃው ረጅም፣ መመለሻው አጭር

እናትዎ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ብቻቸውን ወደ ዋሽንግተን ሊሄዱ ነው? እንግዲያው የሻንጣውን ኪሎ ከመመዘንዎ በፊት ስለ መንገዱ ያጫውቷቸው።

ከቦሌ እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ይለያያል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ነዳጁንም ተሳፋሪውንም ሞልቶ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ጉዞው 16 ወይም 17 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

የደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኑ ከዚያ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፤ ነፋሱም ከኋላ ያግዘዋል። ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል።

ለእናትዎ የሚከብደው ያ መሃል ላይ ያለው ማረፊያ ነው። ቋንቋው ካልገባቸው የደረሱ ይመስላቸዋል። «መጀመሪያ ሲያርፍ ዋሽንግተን አይደለም፤ አስተናጋጆቹን ሳይጠይቁ እንዳይወርዱ» ብለው ደጋግመው ይንገሯቸው። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳቸው ይሁን። የሚቀበላቸውን ልጅ ስምና ስልክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈው ይስጧቸው።

ትኬቱንም ያንብቡላቸው። 22:30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 ነው። የመድረሻው ሰዓት የተጻፈው ደግሞ በዋሽንግተን ሰዓት ነው፤ በእነሱ በጋ ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። «ደረስኩ» የሚለውን ስልክ ሲጠብቁ ይህን ያስቡ፤ ያለ ምክንያት አይጨነቁም።