ሳይገባ የተሰጠ «እሺ» ፈቃድ አይደለም

ሰቆጣ ላይ ሆኖ በስልኩ የውጭ ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ በፊት የሚገጥመው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኩኪ ማስታወቂያ ነው። አማርኛ ወይም ኽምጣና ብቻ የሚያነብ ሰው ምን ያድርግ? ገጹ እንዲከፈትለት ጎልቶ የሚታየውን «ሁሉንም ተቀበል» ይጫናል።

ኩኪ ድረ ገጹ በጎብኚው ስልክ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲፈጠር ዓላማው ድረ ገጹ ጎብኚውን እንዲያስታውስ ነበር። ጣጣው የሦስተኛ ወገን ኩኪ ነው፤ የማስታወቂያ ኩባንያዎች ሰውን ከገጽ ገጽ እየተከተሉ ምን እንዳነበበ ያጠኑበታል።

አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ከአገር ውስጥ ድረ ገጾች ይጀምር፦ ማስታወቂያው በአንባቢው ቋንቋ ይጻፍ፣ «አልቀበልም» የሚለውም ቁልፍ እኩል ይታይ።

እስከዚያው፣ ክሮም የሚጠቀም ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ማገድ፣ የተከማቸውንም ማጥፋት ይችላል። በኢንተርኔት ቤት ወይም በሰው ስልክ የተጠቀመ ደግሞ ከአካውንቱ ሳይወጣ አይነሳ። ኩኪው ካልጠፋ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ያለ ይለፍ ቃል ሊገባበት ይችላል።