ጥፋተኛ የሌለበት ሽንፈት

አንድ ሰው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አለው እንበል። ቡድኑ በሣር ላይ የሚሮጥ ቡድን አይደለም። ተጫዋቾቹ ስምና ቁጥር ናቸው። ስታዲየሙ በኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ደጋፊው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጆቹን ካስተኛ በኋላ ይቀመጥና ማን እንደሚሰለፍ፣ መቼ ኳስ ተይዞ እንደሚሮጥ፣ መቼ እንደሚወረወር ይወስናል። ትእዛዙን ለሊጉ አስተባባሪ ልኮ ይተኛል። እሑድ ጠዋት ቡና ሳይቀርብ ስልኩን ያነሳል። ተጋጣሚው የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ያለ ቡድን ነው፤ ጨዋታውም በራሱ ሜዳ ነው። ውጤቱን ያያል፦ 20 ለ 24። ተሸንፏል።

«በሌለ ቡድን፣ በሌለ ሜዳ፣ ማንም ባልሮጠበት ጨዋታ መናደድ ምን የሚሉት ነው?» የሚል አይጠፋም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ፋንታሲ የሚጫወት ሰው ግን ይህን አይጠይቅም። በ100 ሚሊዮን የወረቀት ፓውንድ 15 ተጫዋቾች ገዝቶ፣ ነጥቡ እጥፍ የሚታሰበውን አምበል ሲመርጥ አምሽቶ፣ በማግሥቱ አምበሉን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲያየው ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል። በፋንታሲው ግን ቢያንስ የሚረገም ሰው አለ፤ ኳስ የሳተው አጥቂ ወይም ያላሰለፈው አሰልጣኝ። በኮምፒውተሩ ፉትቦል ግን የሳተ ሰው የለም። ንዴቱ መውጫ የሚያጣውም ለዚህ ነው።

አሜሪካውያን ይህን ዓይነት ጨዋታ የጀመሩት የግል ኮምፒውተር ሳይመጣ ነው። ሃል ሪችማን በ1960ዎቹ ስትራት-ኦ-ማቲክ በሚል ስም በካርድና በዳይስ የሚደረግ ቤዝቦል ለገበያ አቀረበ፤ ፉትቦሉም በዚያው አሥርት ዓመት ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ጂም ጊንዲን ፍሮንት ኦፊስ ፉትቦል የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ አወጣ። በዚህ ጨዋታ ሰው ኳስ አይነካም፤ ቡድን ያስተዳድራል። በተለያየ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ቡድኖችን ተከፋፍለው ሊግ ያቋቁማሉ፣ ውሳኔያቸውን በፋይል ይልካሉ፣ አስተባባሪው በቀጠሮው ሰዓት ፕሮግራሙን ያስኬዳል። ፕሮግራሙ የተጫዋቾቹን አቅምና የባለቤቶቹን ትእዛዝ ያመዛዝንና ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ዕጣ ያወጣል። ጥሩ ቡድን ጥሩ ዕጣ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዕጣው ግን ዕጣ ነው።

አሁን ወደ እሑዱ ሽንፈት እንመለስ። የአሜሪካ ፉትቦል መሠረታዊ ሕግ ይህ ነው፦ ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከተሳካለት አዲስ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ካልተሳካለት ኳሱን እዚያው ለተጋጣሚው ያስረክባል። ብዙ ቡድኖች አራተኛው ሙከራ ላይ ሲደርሱ ኳሱን በእግር መትተው የሚያርቁት ለዚህ ነው።

ባለሜዳው 20 ለ 17 እየመራ ነበር። 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ቀርቷል፤ ተጋጣሚው ሰዓት የሚያስቆምባቸውን ዕረፍቶች በሙሉ ጨርሷል። ኳሱ በተጋጣሚው 38 ያርድ መስመር ላይ ነው። ሙከራው አራተኛ፣ የቀረው ርቀት 1 ያርድ ብቻ። ያቺን አንድ ያርድ ካገኘ ሰዓቱን አቃጥሎ ጨዋታውን ይዘጋዋል። ባለቤቱ ማታ በላከው ትእዛዝ «እንዲህ ካጋጠመ ግፉ» ብሎ ነበር። ገፉ፤ አልሆነም። ተጋጣሚው ኳሱን ተረክቦ 62 ያርድ ተጓዘና ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ታችዳውን አስቆጠረ።

ለመሆኑ ውሳኔው ስህተት ነበር? አማራጮቹን እንቁጠራቸው። በእግር መትቶ ማራቅ ይቻል ነበር፤ ግን ከ38 ያርድ ላይ የተመታ ኳስ መጨረሻ መስመሩን ካለፈ ተጋጣሚው ከራሱ 20 ያርድ ይጀምራል፤ ትርፉ 18 ያርድ ብቻ ነው። ለ3 ነጥብ ወደ ግብ መምታትም ይቻል ነበር፤ ርቀቱ ግን 55 ያርድ ያህል ነው፣ ብርቱ መቺንም ያስቸግራል፤ ቢገባ እንኳ 23 ለ 17 ይሆናል እንጂ አንድ ታችዳውን ያንን ይገለብጠዋል። በእውነተኛው ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ 1 ያርድ ቀርቶት በአራተኛው ሙከራ የሚገፋ ቡድን በግምት ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ይሳካለታል። ከሦስት ሁለት ጊዜ ጨዋታውን እዚያው የሚጨርስ ውሳኔ መጥፎ ውሳኔ አይባልም። ሰውየው የደረሰበት ሦስተኛው ዕጣ ነው።

እሱ ግን ቡናው ሳይፈላ ሦስት ነገር አደረገ። «በአራተኛ ሙከራ ከእንግዲህ በፍጹም አይገፋም» ብሎ ትእዛዙን ቀየረ። ያቺን ያርድ ያላገኘውን ወጣት ሯጭ ለሽያጭ አቀረበ። በሊጉ የመልእክት ቡድን ውስጥ ደግሞ «ይህ ፕሮግራም ለይቶ ነው የሚያጠቃው» ብሎ ጻፈ፤ አስተባባሪውንም በነገር ወጋ። አንድ ጨዋታ ተሸንፎ ነበር። አሁን ጥሩ ዕቅዱን፣ ጥሩ ተጫዋቹንና የሰው አመኔታ ጨመረበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ዕጣ አይደበደብም፣ ስለዚህ ዱላው በአጠገብ ባለው ላይ ያርፋል።

ንዴቱን ያባባሰው «በሜዳችን!» የሚለው ቃል ነው። በእውነተኛ ስታዲየም ሜዳ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2014 በካንሳስ ሲቲ አሮውሄድ ስታዲየም የደጋፊው ጩኸት 142.2 ዴሲቤል ተለክቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ጩኸት መካከል የእንግዳው ቡድን ኳርተርባክ የሚናገረውን ጓደኛው አይሰማውም። በ2020 የውድድር ዘመን ኮሮና ስታዲየሞችን ባዶ ወይም ሊባዶ ጥቂት የቀራቸው ሲያደርጋቸው፣ ከ256 ጨዋታዎች ባለሜዳዎቹ 127 አሸንፈው 128 ተሸነፉ፤ አንዱ በአቻ አለቀ። የባለሜዳዎች ሽንፈት ከድላቸው የበለጠበት የመጀመሪያው ዘመን ነበር። ምክንያቱ የጩኸቱ መጥፋት ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ጉሮሮ ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

የኮምፒውተር ሜዳ ግን ጉሮሮ የለውም። በዚያ «ሜዳ» ማለት፣ ፕሮግራሙ ከሰጠው፣ በስሌቱ ላይ የሚጨመር ትንሽ ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ለባለቤቱ አያፍርም፤ አይቆጭም። ሒሳቡን ማየት ይሻላል። አንድ ቡድን እጅግ ብርቱ ሆኖ በሜዳው እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 75 ቢሆን፣ 8 የሜዳ ጨዋታዎችን ሁሉ አሸንፎ የመጨረስ ዕድሉ ስንት ነው? ከ100 10 ብቻ። ማለትም እንዲህ ያለ ቡድን እንኳ ከአሥር የውድድር ዘመን በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሜዳው ይሸነፋል። የሚያናድደው ሽንፈት በሒሳቡ ውስጥ ቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ የትኛው እሑድ ላይ እንደሚወድቅ ብቻ ነበር ያልታወቀው።

ይህ የጨዋታ ወዳዶች ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ይቋጭ ነበር። በእውነተኛው ሜዳ የሆነውን ማየት ግን ነገሩን ያሰፋዋል።

ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ በቀድሞው አሰልጣኝ በጆን ማደን ስም የሚጠራ የፉትቦል ጨዋታ ከ1988 ጀምሮ ያወጣል። የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ሲደርስ ደግሞ ጨዋታውን በኮምፒውተር አስኪዶ ትንበያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ኢንግላንድ ሲያትልን 28 ለ 24 ያሸንፋል አለ። የካቲት 1 ቀን ጨዋታው ተደረገ፤ ኒው ኢንግላንድ 28፣ ሲያትል 24። ነጥቡ ሳይዛነፍ መጣ። ኮምፒውተሩ ነቢይ ተባለ።

በዚያው ጨዋታ ሰው ደግሞ ሞኝ ተባለ። 26 ሰከንድ ያህል ሲቀር ሲያትል ከመስመሩ 1 ያርድ ላይ ነበር። አሰልጣኙ ፒት ካሮል ብርቱ ሯጭ እያለው እንዲወረወር አደረገ፤ የኒው ኢንግላንዱ ማልኮም በትለር ጠለፈው። ዋንጫው ሄደ። በማግሥቱ ውሳኔው በሱፐር ቦውል ታሪክ የመጨረሻው መጥፎ ውሳኔ ነው ተብሎ ተወገዘ። ሆኖም በዚያ የውድድር ዘመን ከ1 ያርድ ላይ ከተወረወሩ ኳሶች እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም አልተጠለፈም ነበር። ኳሱ መሬት ቢወድቅ ደግሞ ሰዓቱ ይቆማል፤ ሌላ ሙከራ ይቀራል። የፖከር ተጫዋቿ አኒ ዱክ በ2018 ባወጣችው መጽሐፍ ይህን ውሳኔ አንስታ የተከራከረችው ለዚህ ነው፤ ሰዎች የፈረዱት በውጤቱ ነው እንጂ በውሳኔው አይደለም ትላለች። ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸው ውሻ ብዙ ነበር።

ነቢዩስ ምን ሆነ? በቀጣዩ ዓመት ካሮላይና ያሸንፋል አለ፤ ዴንቨር አሸነፈ። በ2018 ኒው ኢንግላንድን መረጠ፤ ፊላደልፊያ አሸነፈ። በ2019 ራምስን መረጠ፤ ኒው ኢንግላንድ አሸነፈ። በ2021 ካንሳስ ሲቲን መረጠ፤ ታምፓ ቤይ በገዛ ስታዲየሙ 31 ለ 9 ደቆሰው። በ2015 የተሠራው ፕሮግራም ከሌሎቹ ዓመታት የተለየ ጥበብ አልነበረውም፤ ዕጣው ገጠመለት። ሞኝ የተባለው ካሮል ግን አልተባረረም፤ እስከ 2023 የውድድር ዘመን ማብቂያ ድረስ ሲያትልን አሠለጠነ። የክለቡ ባለቤቶች በአንዲት ኳስ አልፈረዱበትም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «ውጤት ዳኛ ካልሆነ ማን ይዳኛል? ያበላሸ ሁሉ ‘ዕጣ ነው’ ብሎ ሊያመልጥ አይደለም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሽንፈት በኋላ ዕድልን፣ ከድል በኋላ ችሎታን የሚጠራ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። መፍትሔው ግን ውጤትን መጣል አይደለም፤ ምክንያትን ቀድሞ መጻፍና ውጤትን በብዛት መቁጠር ነው። ከጨዋታው በፊት «ይህን የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይሳካል ብዬ የማስበው ከሦስት ሁለት ጊዜ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ከጨዋታው በኋላ ሊያመልጥ አይችልም። ሠላሳ ጊዜ ገፍቶ ሃያ ያህል ከተሳካለት ልክ ነበር። ስምንት ብቻ ከተሳካለት «ዕጣ ነው» የሚለው ቃሉ ውድቅ ነው፤ ወይ ተጫዋቾቹ ደካሞች ናቸው ወይ ግምቱ የተሳሳተ ነው። ያልጻፈ ሰው ግን ሁልጊዜ ያመልጣል፤ ወይም ደግሞ ሁልጊዜ በግፍ ይከሰሳል።

የኮምፒውተሩ ፉትቦል እውነተኛው ሜዳ የማይሰጠውን አንድ ዕድል የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው። ፒት ካሮል ያቺን ኳስ እንደገና መወርወር አይችልም። የእሑዱ ተሸናፊ ግን ያንኑ አሰላለፍና ያንኑ ትእዛዝ ይዞ፣ የሙከራ ጨዋታ በሚፈቅድ ፕሮግራም ላይ መቶ ጊዜ ሊያስኬደው ይችላል። ከመቶው ሰባውን ካሸነፈ ቡድኑን ይተወው፤ ሯጩንም አይሽጠው። ከመቶው አርባውን ብቻ ካሸነፈ ሽንፈቱ ዕጣ አልነበረም፤ የሰንጠረዡን ግርጌ ንቆ የገባው እሱ ነው። በሁለቱም መንገድ እውነቱን ያገኛል፤ ለዚህም የሚከፍለው የአንድ ምሽት ጊዜ ብቻ ነው።

አስተባባሪው ላይ የተወረወረው ነገርም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። እነዚህ ሊጎች በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው። ሰው ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ደመወዝ ተከፍሎት አይደለም። በእያንዳንዱ እሑድ «አጭበርብረሃል» የሚባል ከሆነ አንድ ቀን ይተወዋል፤ ሠላሳ ሰው ለዓመታት የገነባው ሊግም ባለቤት አልባ ይሆናል። ጥርጣሬ ካለ መጠየቂያው መንገድ ግልጽ ነው፤ የጨዋታውን ዝርዝር መዝገብ እንዲያሳይ መጠየቅና መቁጠር። ሳይቆጥሩ መክሰስ ግን ሽንፈትን ወደ ሌላ ሰው ቤት መላክ ነው።

የእሑዱ ሰው ሯጩን ገና አልሸጠውም እንበል። ገዢ አልመጣም። ሰኞ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተመልሶ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚጠበቅበት አስተባባሪውን ይቅርታ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ የድሮውን ትእዛዝ ወደ ቦታው መመለስ፣ ከጎኑም ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ ያው ሁኔታ ቢመጣ፣ ያው አንድ ያርድ ቢቀር፣ ያው ሯጭ ኳሱን ይዞ ይግባ። ምናልባት እንደገና ይወድቅ ይሆናል። ትእዛዙ ግን ያኔም ልክ ይሆናል።