መኪናውን መቀየር ካልተቻለ ሞተሩን መክፈት? የአባቴ ዲኤክስ እና የኪሳችን ሒሳብ

ባለፈው ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ የአባቴ ዲኤክስ ዳገቱ መሀል ላይ ቆመች። የሙቀት መለኪያው ቀዩን አልፏል፤ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣል። በማግስቱ አንድ መካኒክ አስነስቶ ሁለት ደቂቃ ያህል ሰማትና ፈረደ፦ «ሞተሩ አልቋል። ይውረድና ሙሉ ኦቨርሆል ይደረግ።»

አባቴ ጡረተኛ አስተማሪ ነው። የተጠየቀው ገንዘብ የብዙ ወር ጡረታው ነበር። ቤት ስንገባ ምንም አላለም፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዝም አለ።

ድሮ ቢሆን የዘመድ ምክር የታወቀ ነው፦ «ሽጣትና ትንሽ ጨምረህ ሌላ ግዛ።» አሁን ይህን የሚል ሰው አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ ማሰብ ስጀምር ነው ይህ ጽሑፍ የተጀመረው።

በሩ ቀስ በቀስ ነው የተዘጋው

ነገሩ የአንድ ቀን ውሳኔ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ጥቅምት 2015 ላይ መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያደርግ አውቶሞቢል አንዱ ነበር። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ።

የእነዚህ ሁሉ ድምር ምንድነው? አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ተተኪ አጣ። ኤሌክትሪክ መኪና የታክስ እፎይታ ቢደረግለትም ዋጋው ለአንድ ጡረተኛ አይቀመስም። ስለዚህ ያለችው ዲኤክስ የመጨረሻዋ ዲኤክስ ናት ማለት ነው።

ኢኮኖሚክስ እዚህ ላይ ቀላል ነገር ይላል፦ የመተኪያው ዋጋ ሲጨምር «ጥገናው አያዋጣም» የምንልበት መስመርም አብሮ ይወጣል። ትናንት ለአሮጌ መኪና ሞተር ማውረድ ሞኝነት ነበር፤ ዛሬ ሒሳቡ ተገልብጧል። ኩባን አስቡ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ) የአሜሪካ ማዕቀብ በኋላ የ1950ዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ዛሬም ሃቫና ውስጥ ይነዳሉ። ሰዉ አሮጌ ነገር ስለሚወድ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው በየግቢው መጠገን ተማረ።

ግን አንድ ችግር አለ፤ መለዋወጫውም የሚመጣው በዶላር ነው። ድሮ 5,700 ብር የነበረው የ100 ዶላር ዕቃ ምንዛሪው ብቻ ከ10,000 በላይ አድርሶታል፤ የነጋዴው ትርፍና ታክሱ ገና አልተጨመረም። ዕቃውን መቀነስ አትችልም። ልትቀንስ የምትችለው የጉልበቱን ዋጋ ብቻ ነው። «ለምን ራሳችን ቤት አንሠራውም?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው።

ጋራዡ የሚያውቀው፣ እኛ የማናውቀው

ዩኒቨርሲቲ እያለን ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (እ.ኤ.አ) የጻፈውን የ«ሎሚ ገበያ» ጥናት ተምረናል። በአሜሪካኖች አነጋገር «ሎሚ» ማለት ላይዋ አምሮ ውስጧ የተበላሸ መኪና ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ራሱ ይበላሻል ነው ሐሳቡ፤ ሰውየው በ2001 ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ኢኮኖሚስቶች አንዱ ሆኗል።

ጥገና ከዚህም ይብሳል። መጥፎ መኪና የገዛ ሰው ቢያንስ ከሳምንት በኋላ ያውቃል። ሞተሩ «ወርዶ» የተሠራለት ሰው ግን መኪናው ቢነሳም ያ ሁሉ ሥራ ያስፈልግ እንደነበር በጭራሽ አያውቅም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ለዚህ ነው። መካኒኮች ሁሉ ያታልላሉ እያልኩ አይደለም፤ ብዙዎቹ መለኪያ ስለሌላቸው በጆሮ ይፈርዳሉ፤ ሲጠራጠሩ ደግሞ ትልቁን ሥራ ማዘዝ ለእነሱ ይቀላል።

እኛን ያዳነን የጎረቤታችን አንድ ዕቃ ነው፦ የሲሊንደር ግፊት መለኪያ። ሞተሩን ለብ ካደረግን በኋላ አራቱንም ካንዴላ ፈታን፣ መለኪያውን በየተራ እየገጠምን ሞተሩን በሞተሪኖ አዞርነው። ንባቡ እንዲህ ነበር፦ 118፣ 70፣ 65፣ 115።

እዚህ ላይ ልትሳሳቱ የምትችሉበትን ነገር ልንገራችሁ። ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሰው «ከ150 በታች ከሆነ ሞተሩ ደክሟል» ይላል። በዚያ ብሄድ አራቱም ሞተዋል ማለት ነው። ሰውየው ያለው ግን በባሕር ወለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 150 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 115 አካባቢ ነው የሚያነበው። ስለዚህ 118 እና 115 ደህና ናቸው። ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

70 እና 65 ያነበቡት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው፤ ጎን ለጎን ያሉት። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረን እንደገና ለካን። ግፊቱ ቢጨምር ኖሮ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነበር፤ አልጨመረም። የዘይቱ ክዳን ሥር ደግሞ ወተት የመሰለ ነገር ነበር፤ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። ይህ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመለክታል፦ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ጋርኒሲዮን በሁለቱ ሲሊንደሮች መሀል ተበልቷል። ሞተሩ አላለቀም። መውረድም አያስፈልገውም።

በአንድ መለኪያና በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ኦቨርሆል» የነበረው ሥራ ጋርኒሲዮን መቀየር ሆነ። ከሁሉም በላይ ገንዘብ ያዳነልን ቁልፍ ማዞሩ ሳይሆን ይህ ነው።

የራሳችን ጥፋት

አሁን ደግሞ የማይኮራበትን ክፍል ልናገር። ከሶማሌ ተራ ጋርኒሲዮን ገዛን፤ «ኦሪጅናል ነው ኮፒ?» ሲሉን ርካሹን መረጥን። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። የዲኤክስ ሞተር ቀላል ነው፤ ካርቡራቶር፣ አራት ሲሊንደር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። የፈታነውን ብሎን ሁሉ በካርቶን ላይ በቅደም ተከተል ሰካን፣ ፎቶ አነሳን። ገጠምን፣ ተነሳች፣ አባቴ ሳቀ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን እንደገና ፈላች።

ምን ሆነ? አንድ ሞተር በኃይል ሲሞቅ ቴስታታው ይጣመማል። በዓይን አይታይም፤ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት በቀጫጭን የመለኪያ ቅጠሎች ነው የሚታወቅ። ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ያነሰ መጣመም እንኳ አዲሱን ጋርኒሲዮን ያስበላል። እኛ ለማየት አልደከምንም። ብሎኖቹንም በእጃችን ስሜት ነው ያጠበቅናቸው፤ መጽሐፉ የሚለው ከመሀል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እኛም ሁለተኛ ጋርኒሲዮን፣ ሁለተኛ ዘይት፣ ሁለት ሌላ ቅዳሜ ከፈልን።

በሁለተኛው ዙር ቴስታታውን በታክሲ ጭነን ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ለክተው መጣመሙን አሳዩን፤ ፊቱን በማሽን አስተካከሉልን። ቶርክ ሬንች ከአንድ ጋራዥ ለአንድ ቀን ተከራየን። ከዚያ ወዲህ እንጦጦን ብዙ ጊዜ ወጥታለች።

ታዲያ ሒሳቡ ምን ይላል? የመጀመሪያውን ኪሳራ ጨምሮ እንኳ ከተጠየቀው የኦቨርሆል ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው ያወጣነው። ግን ሐቀኛ ለመሆን የአራት ቅዳሜዬን ዋጋ ልጨምርበት ይገባል። በዚያ ጊዜ ልሠራው የምችለው የሚከፈልበት ሥራ ነበር። ሥራ ላጣ ልጅ የቅዳሜ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ቀኑን ራይድ ለሚነዳ ሰው ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ገቢው ይቆማል። ቤት መሥራት ለሁሉም አያዋጣም።

የቱ በቤት፣ የቱ በባለሙያ?

ከዚህ የወጣኝ መስመር ይህ ነው። መመርመር፣ መፍታት፣ ማጽዳት፣ መልሶ መግጠም ትዕግሥት ካላችሁ በግቢ ይቻላል። በማሽን የሚሠራ ነገር በሙሉ፦ ቴስታታ ማስተካከል፣ ሲሊንደር ማስፋት፣ ኮሎ ማስሞረድ፣ የቶርኖ ቤት ነው፤ ክርክር የለውም። ኮምፒውተር ያለው አዲስ ሞተር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ዲኤክስ ላይ ያየሁትን እዚያ ላይ አትሞክሩት።

ሒሳብ የማይገባባቸው ነገሮችም አሉ። መኪና በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሰው ከሥሩ አይገባም፤ በጠንካራ መደገፊያ ይቆማል። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መጀመሪያ ይነቀላል። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ቤንዚን ባለበት ሲጋራ የለም። የተቃጠለ ዘይትም ቱቦ ውስጥ አይደፋም፤ የምንጠጣው ውኃ ነው።

ፖሊሲው የረሳው ሞተር

የቤንዚን መኪና መከልከሉን በጅምላ አልቃወምም። ነዳጅ በዶላር እየገዛን መብራት በራሳችን ወንዝ ለምናመነጭ ሰዎች አቅጣጫው ትርጉም አለው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ የሚገባው ቢቆም ያለው የት ይሄዳል? የትም። ለሚቀጥሉት ዓመታት በየመንገዱ ይሄዳል፤ በደንብ ከተያዘ ትንሽ እያጨሰ፣ ካልተያዘ ብዙ ዘይት እያነደደና ብዙ ቤንዚን እየጠጣ።

ስለዚህ ጥገና የግል ጣጣ ብቻ አይደለም፤ የአገር ነዳጅና የአገር ሳንባ ጉዳይ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ወርክሾፖቻቸውን ቅዳሜ ለባለ መኪናዎች ቢከፍቱ፣ መለኪያና ቶርክ ሬንች በሰዓት ቢያከራዩ፣ ጋራዦችም ሞተር ከማውረዳቸው በፊት የግፊት ንባቡን ጽፈው ለባለቤቱ እንዲሰጡ ቢገደዱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። የመጨረሻው በተለይ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። አራት ቁጥር የተጻፈበት አንድ ወረቀት ባለቤቱን ከሞኝነት፣ ሐቀኛውን መካኒክ ደግሞ ከሐሜት ያድነዋል።

አባቴ አሁን ሰው መኪናው ሞቀ ብሎ ሲያማክረው ምክር ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «አራቱ ስንት ስንት አነበቡ?» መካኒክ አልሆነም። ግን ከእንግዲህ በጆሮ ብቻ የተፈረደ ፍርድ አይቀበልም። እናንተም «ይውረድ» ስትባሉ ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ።