የደመና ትንበያ ለአየር ላይ ፎቶግራፍ ዕቅድ ያለው ፋይዳ

በየካ ክፍለ ከተማ የሰነድ አልባ ይዞታን ጉዳይ የሚመረምር ባለሙያ ከሚያገላብጣቸው ማስረጃዎች አንዱ ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ ነው። በአዲስ አበባ የ1988 ዓ.ም. የአየር ካርታና የ1997 ዓ.ም. የመስመር ካርታ አንድ ቤት በወቅቱ መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ሲጠቀሱ መቆየታቸው ይታወቃል። ፎቶግራፉ በተነሳበት ሰዓት ደመና ጣራውን ሸፍኖት ከሆነ ግን ምስሉ ከዓመታት በኋላ ለባለይዞታው የሚመሰክርለት ነገር አይኖርም። በመሆኑም የበረራውን ቀንና ሰዓት መምረጥ ለፎቶግራፍ አንሺው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ለምርጫው ግብዓት የሚሆነው መረጃ የሚመነጨው ከአየር ትንበያ ሞዴሎች ነው። ሞዴሎቹ ከባቢ አየርን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ሸንሽነው የእያንዳንዱን ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ ያሰላሉ፤ ደመናንም ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለው በመቶኛ ያስቀምጣሉ። ስስ የሆነ ከፍተኛ ደመና ብርሃኑን ያለዝባል እንጂ መሬቱን አይጋርድም። ዝቅተኛው ግን ከአውሮፕላኑ በታች ሲሆን ምስሉን ይዘጋል፣ ከበላዩ ሲሆን ደግሞ ጥላውን በመሬቱ ላይ ያጠላል። “በከፊል ደመናማ” የሚለው ጥቅል አገላለጽ ይህን ልዩነት አይነግረንም።

አስቸጋሪው እንጦጦ ነው። የአሜሪካው ዓለም አቀፍ ሞዴል መረጃውን የሚያሰራጭበት የአንዱ ክፍል ጎን 28 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአውሮፓው ማዕከል ደግሞ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያው ስሌት ቦሌና እንጦጦ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። ሆኖም የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር አካባቢ ላይ ሲገኝ የእንጦጦ ጫፍ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። ከቦሌ 600 ሜትር ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ደመና ለእንጦጦ ጉም ነው ማለት ነው። በእጅ ስልክ ላይ የምትታየው የፀሐይ ምልክት ይህን ስለማትለይ የሥራ ትዕዛዝ በእርሷ ላይ ተመሥርቶ ሊወጣ አይገባም፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያ ትንተና ያስፈልጋል።

በክረምትም ቢሆን ጠዋቱ ጠርቶ ደመናው ከቀትር በኋላ የሚከማችባቸው ቀናት አሉ። በጋው በአንጻሩ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን በማለዳ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ረጅም ጥላ አጥርና ድንበር ይደብቃል። ስለዚህ ከደመናው ትንበያ ጎን ለጎን የፀሐይ ከፍታም ሊሰላ ይገባል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውና የመሬት ጣቢያዋ በእንጦጦ የተተከለው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ካሜራም በደመና ውስጥ አልፎ ማየት የሚችል አልነበረም። ሳተላይት የምታልፍበትን ሰዓት ምሕዋሯ ይወስናል፤ አውሮፕላን ግን መጠበቅ ይችላል። መጠበቁ ወጪ አለው። የፎቶግራፍ አገልግሎት ግዥ የሚፈጽም መሥሪያ ቤት የሚፈቀደውን የደመና መጠንና የመጠባበቂያ ቀናቱን ወጪ የሚሸፍነውን ወገን በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ካላሰፈረ፣ ክርክሩ የሚነሳው ምስሉ ከተረከበ በኋላ ይሆናል።