ቀፎው የእኔ፣ ቁልፉ የእነርሱ

«ሊዝ» የሚለው ቃል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 80 እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ ጀምሮ፣ በሊዝ የተያዘ ነገር የራስ እንዳልሆነ፣ ቤት ሠርቶ ዓመታት የኖረበት ሰው እንኳ ከበላዩ ሌላ ባለቤት እንዳለ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለ መሬት ይህን ያህል የተማርን ሰዎች በዋሽንግተንና በአካባቢው ወደሚገኙ የስልክ ሱቆች ስንገባ ግን ያንን ዕውቀት ደጃፉ ላይ ጥለነው የምንገባ ይመስለኛል። የስምንት መቶ ዶላር ቀፎ «በነፃ» ተሰጠን ብለን ፈገግ እያልን እንወጣለን። የፈረምነውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነበብን ስንቶቻችን ነን?

«የፖለቲካ ጸሐፊ ስለ ስልክ ክፍያ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ንብረትና ነፃነት በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ፖለቲካ አለ። ስልክ ደግሞ ዛሬ ባንካችን፣ ጋዜጣችንና የመሰብሰቢያ አዳራሻችን ነው። የማን እንደሆነ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ደንበኛን የሚያስሩበት ገመድ ስሙ ተለዋወጠ እንጂ አልተበጠሰም። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ገዢው ለሁለት ዓመት ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋር ውል ይገባ ነበር። በዓመቱ የመጣው አይፎን 3ጂ ደግሞ በ199 ዶላር የተሸጠው፣ ቀሪው ዋጋ በየወሩ ሂሳብ ውስጥ ተሰግስጎ እንደሚመለስ ስለታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ቲ-ሞባይል የዓመታት ውልን አስቀርቻለሁ ብሎ ቀፎውን ከአገልግሎቱ ለይቶ በወርሃዊ ክፍያ መሸጥ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ስፕሪንት አንድ እርምጃ አልፎ አይፎንን በወር ማከራየት ያዘ። በኪራዩ ውል መሠረት ተከራዩ በየወሩ ይከፍላል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ወይ ቀፎውን ይመልሳል፣ ወይ ቀሪውን ዋጋ ከፍሎ ያስቀረዋል፣ ወይም አሮጌውን ሰጥቶ አዲስ ይከራያል። ኩባንያው የሚመኘው ሦስተኛውን ነው። እንዲህ ያለው ደንበኛ ዕድሜ ልኩን ከፍሎ አንድም ቀን የስልክ ባለቤት አይሆንም። በእኛ ታሪክ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ስም ነበረን፤ ጭሰኛ እንለዋለን።

ስፕሪንት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ቲ-ሞባይል ተጠቃልሎ ጠፋ፤ የኪራዩ ፋሽንም በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ አብሮት ደበዘዘ። ቦታውን የወሰደው ረጅሙ ወርሃዊ ክፍያ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲና ቬራይዘን የቀፎውን ዋጋ ለ36 ወራት ያከፋፍሉታል። በወረቀት ላይ ይህ ግዢ ነው፤ ወለድም የለበትም። ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው?

ችግሩ «ነፃ» የሚባለው ቅናሽ የሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው። ቀፎው 800 ዶላር ነው እንበል። ኩባንያው በየወሩ 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም ያስከፍልዎታል፤ እዚያው ሂሳብ ላይ ያንኑ ያህል ይቀንስልዎታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቆዩ በእርግጥም ለቀፎው ምንም አልከፈሉም። በ14ኛው ወር ቅር ብሎዎት ቢለቁ ግን የቀሩት የ22 ወራት ቅናሾች ይሰረዙና ወደ 489 ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ባንድ ጊዜ ይጠየቃሉ። የተሸጠልዎት ቀፎው አይደለም፤ ኩባንያው የገዛው የእርስዎን መቆየት ነው። የሽያጭ ታክሱም ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በሙሉው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ 6 በመቶ በሚከፈልባት ሜሪላንድ «የነፃው» ስልክ ገና ከሱቁ ሳይወጣ 48 ዶላር ያስወጣል።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ቅናሹን ለማግኘት ከውዶቹ ፕላኖች አንዱን መያዝ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በወር 35 ዶላር የሚበቃው ሰው የ75 ዶላር ፕላን ቢይዝ በ36 ወራት ውስጥ 1,440 ዶላር ትርፍ ይከፍላል። የ800 ዶላር ቀፎ በነፃ ለማግኘት! ውዱ ፕላን ጥቅም የለውም አላልኩም፤ ውጭ አገር የሚመላለስ ወይም ቀኑን ሙሉ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው የሚገባውን ያገኝ ይሆናል። በመኖሪያ ቤቱና በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ተከቦ የሚውለው ምሁር ወገኔ ግን ለምን እንደሚከፍል ራሱን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

ከገንዘቡ የሚብሰው የቁልፉ ነገር ነው። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ቀፎው ለሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ ዝግ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አንድ ወዳጄ (ኩባንያውን መጥራት አያስፈልግም) ለእናቱ አዲስ ስልክ ይዞ አገር ቤት ገባ፤ ወርሃዊ ክፍያው ገና ስላላለቀ የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም አልቀበል ብሎ የፎቶ ማንሻ ሆኖ ቀረ። እናትየው «ልጄ፣ ይኼ የተዋስከው ነው እንዴ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ ከብዙ የሕግ ትንታኔ የተሻለ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2012 በወሰነው መሠረት፣ ከጥር 26 ቀን 2013 ወዲህ የተገዛን ቀፎ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት የቅጂ መብት ሕግን እንደ መጣስ ተቆጠረ። ከ114 ሺህ በላይ ሰዎች ለዋይት ሀውስ አቤቱታ ፈረሙ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2014 ክልከላውን የሚያነሳውን ሕግ በፊርማቸው አጸደቁ። እዚህ ላይ ለአሜሪካውያን ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ይሁን እንጂ ሕጉ ባለቤቱ እንዲከፍት ፈቀደለት እንጂ፣ ዕዳ ያለበትን ቀፎ ኩባንያው እንዲከፍት አላስገደደም። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ሁሉም ኩባንያዎች በ60 ቀን ውስጥ እንዲከፍቱ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳብ ግን ደንብ አይደለም። ጎረቤቷ ካናዳ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ቀፎዎች ተከፍተው እንዲሸጡ አዝዛለች፤ የካናዳ የስልክ ኩባንያዎችም በዚህ ምክንያት አልከሰሩም።

ኪራይ ግን ፈጽሞ የሞተ እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹን ትቶ ወደ ድሆቹ ሱቆች ወርዷል። ክሬዲት የሌለው አዲስ መጤ ወደ ቅድመ ክፍያ ስልክ ሱቅ ሲገባ፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ሦስተኛ ኩባንያ ቀፎውን ገዝቶ «እስኪከፍል ድረስ» ያከራየዋል። እንዲህ ባለው ውል የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ የዋጋውን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በተመሳሳይ የኪራይ ንግድ በሌሎች ዕቃዎች ላይ የሚታወቀው ፕሮግረሲቭ ሊዚንግ፣ ደንበኞች ከተለጠፈው ዋጋ በላይ እንደማይከፍሉ አስመስሏል በሚል ክስ እ.ኤ.አ. በ2020 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ175 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። አራጣ ስሙን «ሊዝ» ብሎ ሲመጣ ማወቅ አለብን።

ለፍትሕ ያህል ሌላውንም ልናገር። ትናንት ገብቶ ዛሬ በኡበር መሥራት የሚፈልግ ሰው ስልኩን ዛሬ ነው የሚያስፈልገው፤ ከድህነቱ ላይ ትዕግሥት አልጨምርበትም። ወለድ የሌለበት ክፍያም፣ ከፕላን ግዴታ ጋር ካልታሰረና ቀፎው ክፍት ከሆነ፣ እኔም ሳላቅማማ የምወስደው ነገር ነው። ለቀረነው ግን ከአባቶቻችን የወረስነውና እዚህም ይዘነው የመጣነው እቁብ አለ። ስምንት ሰዎች በወር መቶ መቶ ዶላር ቢጥሉ በየወሩ አንዱ 800 ዶላር ያነሳል። የመጨረሻው ባለ ዕጣ ስምንት ወር ይጠብቃል፤ እምነት የጎደለው ሰው የገባበት እቁብም እንደሚፈርስ አልዘነጋሁም። ያም ሆኖ ስምንቱም ክፍት ቀፎ በእጃቸው ይገባል፤ ነገ ኩባንያ ቢቀይሩ የሚጠይቃቸው የለም። ያለፈው ዓመት ሞዴል ቢገዙ ደግሞ እቁቡም ያጥርላቸዋል።

ነገሩ አሜሪካ ላይ አያበቃም። በኬንያ ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 በቀን 20 ሽልንግ የሚከፈልበት ስማርት ስልክ አቀረበ። ለብዙ ድሀ ቤተሰብ ደጅ የከፈተ ሥራ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ክፍያው ሲቋረጥ ቀፎው ከርቀት ይቆለፋል። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በእኛም አገር እየሠራ ነው፤ ለዘመናት በአንድ ቴሌ ብቻ ስንጉላላ ለኖርነው ኩባንያ የመምረጥ መብት ገና አዲስ ነው። ከርቀት የሚቆለፍ ቀፎ በአዲስ አበባም በሰፊው ቢለመድ ይህ አዲስ መብት ምን ይዋጠው? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሳምንታት መቆየቱን ላልረሳን ሰዎች፣ መረቡ ብቻ ሳይሆን ቀፎውም የሚዘጋበት ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ መኖሩ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሦስት ነገሮችን በግልጽ እንዲደነግግ እጠይቃለሁ። በክፍያ የተሸጠ ቀፎ ዕዳው ባለቀ ዕለት ደንበኛው ሳይጠይቅ ይከፈት። የቀፎው ጠቅላላ ዋጋ በወር ወይም በቀን ሳይሸነሸን በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአማርኛም ሆነ ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ከርቀት የሚቆልፍ ኩባንያ ደግሞ መቼና በምን ምክንያት ብቻ እንደሚቆልፍ፣ ቢሳሳት ለማን አቤት እንደሚባል አስቀድሞ ያስታውቅ፤ የተቆለፈ ቀፎም ቢሆን ወደ ፖሊስና ወደ አምቡላንስ ከመደወል አይከልከል።